«ተጠቃሚ» ማለት ስንት ሰው ነው?

በየወሩ መጨረሻ ከ14 ወረዳዎች 14 የኤክሴል ፋይሎች ይደርሱኛል። ገሚሶቹ በቴሌግራም፣ ገሚሶቹ በኢሜይል ይመጣሉ፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ በፍላሽ ተጭነው በሾፌር እጅ ይላኩና ደሴ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ። የሁሉም ጉዳይ ውሃ ነው። ምንጭ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ቦኖ። የትኛው ይሠራል? የትኛው ቆሟል? ከየትኛው ስንት ሰው ይቀዳል? የእኔ ድርሻ 14ቱን ፋይሎች አንድ ሠንጠረዥ ማድረግ ነው። የጥገና ገንዘብ የሚደለድሉት ሰዎች የሚያዩት ያንን አንዱን ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

ሥራውን ስጀምር ቁጥሩ ያስቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዓመታት ያስቸገረችኝ ግን ከየዓምዱ አናት ላይ የምትጻፈው ስም ናት።

አንዱ ወረዳ «የቀበሌ ስም» ሲል ሌላው «ቀበሌ» ይላል፤ ሦስተኛው «ቀ/ሌ» ብሎ ያሳጥራል። የተቋሙ ዓይነት አንድ ቦታ «ዓይነት»፣ ሌላ ቦታ «አይነት»፣ ሌላ ቦታ «የውኃ ተቋሙ ዓይነት» ነው። ውሃ ራሱ በአራት መልክ ይመጣል፦ ውሃ፣ ውኃ፣ ውሀ፣ ውሐ። ተቋሙ የተሠራበት ጊዜ «የግንባታ ዘመን»፣ «የተሰራበት ዓ.ም»፣ አለዚያም እንዲሁ «ዓመት» ይባላል። አንዱ ርዕሱን በአንድ ረድፍ ይጨርሳል፤ ሌላው ሁለት ረድፍ ይወስድና ከላይ ሦስት ሴሎችን አዋህዶ «የተጠቃሚ ብዛት» ይላል፣ ከታች «ወ»፣ «ሴ»፣ «ድ» ብሎ ይከፍለዋል። ለሚያነብ ሰው ግልጽ ነው፤ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ኮምፒውተሩ ግን የተዋሃደውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ሴል ላይ ብቻ ያገኘዋል፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። «ሴ» የምን ሴ እንደሆነች ማንም አልነገረውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በእጄ ሠራሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ቢሮው ደሴ ነው። ጧት የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ ማታ እወርዳለሁ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከታች በስስ ልብስ የተነሣን ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ያስደርባል። የወር መጨረሻ ሲሆን ፋይሎቹን ይዤ ወደ ቤት እወርድና ሁለት ሌሊት እቀመጣለሁ። አንዱን ፋይል እከፍታለሁ፤ ርዕሶቹን በእኛ አጠራር አንድ በአንድ እቀይራለሁ፤ ዓምዶቹን በቅደም ተከተል አስተካክዬ ከትልቁ ሠንጠረዥ ሥር እለጥፋለሁ። ከዚያ ቀጣዩ። ሰባተኛው ፋይል ላይ ዓይን ይደክማል። አንድ ጊዜ «የማይሠሩ» የሚለውን ዓምድ «የሚሠሩ» ከሚለው ሥር ለጥፌ፣ የአንድ ወረዳ የቆሙ ፓምፖች ሁሉ በወረቀት ላይ ውሃ ሲያወጡ ሁለት ወር ከረሙ። ያገኘሁት በአጋጣሚ ነበር። አጋጣሚው ባይመጣ ኖሮስ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም።

ፓወር ኩዌሪ የተባለውን የኤክሴል መሣሪያ ያሳየኝ የኮምፒውተር ትምህርት መምህር የሆነ ጎረቤቴ ነው። መሣሪያው ከኤክሴል 2016 ጀምሮ ከኤክሴሉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ለ2010 እና ለ2013ቱ ለብቻው ይጫን ነበር። ፋይሎቹን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ ከፎልደሩ አንብብ ትለዋለህ፣ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት አንድ ጊዜ ታሳየዋለህ። እርምጃዎቹን በተራ ይመዘግባቸዋል። በሚቀጥለው ወር አዲሶቹን ፋይሎች ከፎልደሩ ጨምረህ «አድስ» ስትለው ያንኑ ቅደም ተከተል ከላይ እስከ ታች ይደግመዋል። የሁለት ሌሊት ሥራዬ ቡና ተፈልቶ አቦል ሳይወርድ ያልቃል ብሎ አስጎመጀኝ፤ እውነትም አለቀ። የወጣው ሠንጠረዥ ግን ግማሹ ባዶ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ቀን ወሰደብኝ፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ሰው እነዚያን ቀናት እንዳያባክን በዝርዝር ልጻፈው። ፋይሎቹን አዋህድ ሲባል ፓወር ኩዌሪ ከመካከላቸው አንዱን ናሙና አድርጎ ይወስዳል፤ ካልነገሩት የመጀመሪያውን ነው የሚወስደው። የናሙናውን የዓምድ ስሞች ይይዝና ከቀሩት ፋይሎች ውስጥ እነዚያን ስሞች ብቻ ይፈልጋል። ናሙናው «የቀበሌ ስም» ካለ፣ «ቀበሌ» የሚለው ፋይል ሲደርስ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። «ቀበሌ» የሚለውን ዓምድ ደግሞ ጭራሽ አያመጣውም። የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ ምልክት የለም። የአንድ ወረዳ ቀበሌዎች በዝምታ ከሠንጠረዡ ወጥተው ይቀራሉ። ስለዚህ ስም የመቀየሩ ሥራ መከናወን ያለበት ከመዋሃዱ በፊት፣ በየፋይሉ ውስጥ ነው። ከተዋሃደ በኋላ ስም ልቀይር የሚል ሰው የሚቀይረው የተረፈውን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ የዓይነት መወሰኛው እርምጃ ነው። ፋይሉ እንደተከፈተ መሣሪያው በራሱ ፈቃድ «ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ጽሑፍ ነው» የሚል እርምጃ ይጨምራል፤ እርምጃው ውስጥ የዓምዶቹ ስሞች አንድ በአንድ ተጽፈዋል። በሚቀጥለው ወር ከስሞቹ አንዱ ሲለወጥ ሁሉም ነገር «ይህ ዓምድ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ያንን እርምጃ ሰርዤ፣ ስሞቹ ከተስተካከሉ በኋላ ከመጨረሻ እንዲመጣ አደረግሁት።

ከዚያ የስም መዝገቡን ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበር፤ በግራ የመጣው ስም፣ በቀኝ የምንጠራበት ስም። «ቀ/ሌ» በግራ፣ «ቀበሌ» በቀኝ። «የቀበሌ ስም» በግራ፣ «ቀበሌ» በቀኝ። ፓወር ኩዌሪ እያንዳንዱን ፋይል ሲከፍት ይህን መዝገብ ያነባል፤ በግራ ያለውን ስም ባገኘ ቁጥር በቀኙ ይተካዋል። አዲስ አጠራር ሲመጣ መዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ መጨመር ብቻ ነው፤ የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል የሚነካው የለም። ይህ አሠራር ዛሬም ድረስ ደስ ይለኛል። ዕውቀቱ ከመሣሪያው ሆድ ወጥቶ ማንም ሊያነበው በሚችል ወረቀት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። እኔ ነገ ብታመም ወይም ሥራ ብለቅ፣ ፓወር ኩዌሪን ጨርሶ የማያውቅ ሰው መዝገቡን ከፍቶ ምን ምን ይባል እንደነበረ ያያል።

መዝገቡ ሲገባ ግን አዲስ አደጋ ይዞ ገባ። ከመዝገቡ ስሞች በአንድ ፋይል ውስጥ የሚገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። መሣሪያው እንደ ተፈጥሮው ከተተወ፣ ቀይር የተባለውን ስም ሲያጣ ይቆማል። እንዳይቆም «ያጣኸውን እለፈው» ተብሎ መነገር አለበት። አልኩት። አንድ ነገር እለፍ የተባለ መሣሪያ ግን ሁሉን ያልፋል፤ መዝገቡ ላይ የሌለ አዲስ ስም ይዞ የመጣውንም ፋይል እንዲሁ አሳለፈው። ጎረቤቴ የሚያስተምርበት ፓንዳስ የተባለው የፓይተን መሣሪያ ከመነሻው ጠባዩ ይህ ነው፤ የሌለ ስም ቀይር ቢሉት፣ ስህተት ካየህ ቁም ብለው በግልጽ ካላዘዙት በቀር ምንም ሳይናገር ይቀጥላል። እንዲያውም ሁለት ዓምዶችን በአንድ ስም ቢጠሩበት ሁለቱንም ተቀብሎ ይቀመጣል፤ ፓወር ኩዌሪ ቢያንስ ለዚህኛው እምቢ ይላል።

ስለዚህ አንድ በር ጨመርኩ። ማንኛውም ፋይል ከመዋሃዱ በፊት ርዕሶቹ ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ይነጻጸራሉ። በግራም በቀኝም የሌለ አንድ ስም ከተገኘ ያ ፋይል አይገባም፤ ስሙ፣ የፋይሉ ስምና የወረዳው ስም ለብቻው ባለ ገጽ ላይ ይወጣሉ። እኔ ነኝ የማየው። መቶ ጊዜ የሚያቆመኝን መሣሪያ አንድ ጊዜ በዝምታ ከሚያሳልፈኝ አስበልጣለሁ።

በሩን ካቆምኩ በኋላ ነው ፊደላችንን እንደገና የተማርኩት። በመጀመሪያው ወር ያልታወቁ ተብለው የወጡት ስሞች ብዛት አስደነገጠኝ፤ ብዙዎቹ በዓይኔ ሳያቸው መዝገቡ ላይ ካሉት ጋር አንድ ነበሩ። «ዓመት» እና «አመት»። «ሥራ» እና «ስራ»። «ጸደቀ» እና «ፀደቀ»። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትሙ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየራሳቸው መለያ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንዲሁ። መሆንም ነበረበት። ለኮምፒውተሩ ግን ሐይቅ፣ ሀይቅ እና ኃይቅ ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ ከደሴ በስተሰሜን ያለችው ግን አንዲት ሐይቅ ናት።

መፍትሔው አብረው የሚጠሩትን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ለማነጻጸሪያ ብቻ። ይህችን «ብቻ» አጥብቄ ይዣታለሁ። መሣሪያው ሁለቱን ስሞች በጓዳ ወደ አንድ ፊደል መልሶ ያስተያያቸዋል፤ ከፊት ያለውን ጽሑፍ ግን አይነካም። ሠረቀ እና ሰረቀ ሲጠሩ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፀሐይ ወጣች ሲሆን ሁለተኛው ሌባ ወሰደ ነው። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ የጎጥ ስም የያዘ ዓምድ ላይ ልማዳችን ነው ብዬ ፊደል ብለውጥ የማላውቀውን ሰው ስም በራሴ ሥልጣን መጻፍ ይሆንብኛል። ወሎ ውስጥ መሐመድ እና መሀመድ በአንድ ቀበሌ መዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ አባወራዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከፊደሉ በተጨማሪ የማይታዩት ነገሮች አሉ። ከቃሉ መጨረሻ የቀረ ባዶ ቦታ። በሴሉ ውስጥ መስመር ለመስበር የተመታ ቁልፍ። በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ የሚያደርጉ አዛውንት ባለሙያ፤ ልማዳቸው ያምራል፣ እኔም አልነካሁትም፣ በማነጻጸሪያው ላይ ብቻ እንደ ባዶ ቦታ እንዲቆጠር አደረግሁ። አንዴ ደግሞ ርዕሶቹ በሙሉ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች የሆኑበት ፋይል መጣ። ፋይሉ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው። በዚያ ዘመን የግዕዙ መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ይለበጥ ነበር፤ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፣ ፎንቱ በሌለበት ግን የተለበጠው ይወልቃል። ያንን ፋይል ለማንበብ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ዞርኩ፤ ሦስተኛው ቤት ፎንቱ ነበረው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ሁሉ ድካም ነው እንጂ ጥፋት የለበትም። አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

በመዝገቤ በግራ «ተጠቃሚ»፣ «የተጠቃሚ ብዛት»፣ «ተጠ. ብዛት» የሚሉ ስሞች ነበሩ፤ በቀኝ ሁሉም «ተጠቃሚ ሰው» ነበሩ። ይህን ረድፍ ስጽፍ አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ከውሃው የሚጠቀም ሰው። መሣሪያውም ያለ አንዳች ስህተት ሠራ፣ በሩ ምንም አላቆመም፣ ሠንጠረዡ ሙሉ ሆነ። የጥገና ቅደም ተከተል ወጣ።

ከብዙ ወራት በኋላ ከአንድ ደጋ ወረዳ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ይልቁንም ግራ የተጋባ ሰው ድምፅ ነበር። «ልጄ፣ ያችን ምንጭ ለምን ዘለላችኋት?» አሉኝ። የምንጩን ስም ነገሩኝ። ሠንጠረዡን ከፈትኩ፤ ተጠቃሚ ሰው 86 ይላል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጠብቋቸው ምንጮች እያሉ 86 ሰው ያላት ወደ ታች መውረዷ ተገቢ ነው ብዬ ለማስረዳት ጀመርኩ።

«86 አባወራ ነው እንጂ» አሉኝ። «እኛ ዘንድ ሰው አንቆጥርም። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ የሚያዋጣው በቤት ነው፤ የሚመዘገበውም በቤት ነው። ከድሮም እንዲሁ ነው።»

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። የእሳቸው ፋይል ላይ «ተጠቃሚ» ማለት ቤት ነው፤ በጎረቤታቸው ወረዳ ፋይል ላይ «ተጠቃሚ» ማለት ነፍስ ነው። ሁለቱም ትክክል ጽፈዋል። ሁለቱንም በአንድ ስም የጠራሁ እኔ ነኝ። ያልተቀየረ ስም ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው አይቶ ይጠይቅ ነበር፤ እኔ ግን «ሰው» የሚል ቃል ጨምሬ ጥርጣሬውን ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት እዚያ ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማየት ስለነበረብኝ ነው። የምንጩ ግንብ ከግርጌው ተሰንጥቆ ውሃው ከቧንቧው ይልቅ በስንጥቁ በኩል ወደ ጭቃው ይሄዳል። ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ጄሪካኖቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ብርዱን ለመሸሽ ከግድግዳ ጥግ ተጠግተው ቆመዋል፤ ቢጫው ጄሪካን ወረፋ ይዞላቸዋል። ሰልፉ ላይ ያሉትን ጄሪካኖች ልቆጥር ጀምሬ ከ60 በላይ ስደርስ ተውኩት። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች ልጅ፣ ወረፋው ከረዘመ ወደ ወንዙ እንደሚወርዱ ነገረችኝ። ወንዙን በእጇ አሳየችኝ፤ ከገደሉ ሥር ነው።

አንጋፋው ባለሙያ አብረውኝ ነበሩ። ፊቴን አይተው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «መጠየቅሽ ነው የሚጠቅመው።»

ከዚያ ጉዞ ስመለስ መዝገቡን ከሥር አፈረስኩት። ሁለት ዓምድ የነበረው አሁን ሰባት ዓምድ ነው። ወረዳው፤ የመጣው ስም፤ የምንጠራበት ስም፤ ትርጉሙ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፤ መለኪያው፤ ትርጉሙን የነገረን ሰው የሥራ ድርሻ፤ የተነገረበት ቀን። «ተጠቃሚ» አሁን መዝገቡ ላይ 14 ጊዜ አለ፤ ለየወረዳው አንድ ጊዜ። አንዳንዱ ረድፍ «ተጠቃሚ ሰው» ይላል፣ አንዳንዱ «ተጠቃሚ ቤት»። መሣሪያው ስም የሚቀይረው የወረዳውንና የመጣውን ስም አንድ ላይ አይቶ ነው። ቤትን ወደ ሰው የሚለውጥ ስሌት ቢያስፈልግ ከዚያ በኋላ፣ ስሙ የተለየ ሌላ ዓምድ ላይ፣ ግምት መሆኑ ተጽፎ ይሠራል።

ይህን መዝገብ ለመሙላት በየወረዳው እየደወልኩ ጠየቅሁ። ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ከፓወር ኩዌሪው ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝም ይህ ነው። «አባወራ» የሚለው ዓምድ አንድ ቦታ እማወራዎችንም ይጨምራል፣ ሌላ ቦታ ለእነሱ ሌላ ዓምድ አለ፤ ሳልጠይቅ ደምሬው ቢሆን ኖሮ ሴቶች የሚመሯቸው ቤቶች በአንዱ ወረዳ ሁለት ጊዜ ይቆጠሩ ነበር፣ በሌላው ይቀሩ ነበር። «መጠን» አንድ ቦታ ምንጩ በሴኮንድ የሚያወጣው ሊትር ነው፣ ሌላ ቦታ ማጠራቀሚያው የሚይዘው ሜትር ኩብ ነው። «ቀን» የሚለው ቃል ጉድ አሳየኝ፤ አንዱ የተመዘገበበትን ዕለት ይጽፍበታል፣ ሌላው በወሩ ውስጥ ውሃው የተቋረጠበትን የቀናት ብዛት። ዕለቱን ከሚጽፉት ውስጥ ደግሞ መስከረም 5ን እንዳለ የሚጽፍም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶ የሚጽፍም አለ። ቃሉ ሁሉም ዘንድ ያው «ቀን» ነው።

አንድ ቅጽ አዘጋጅተን ሁሉም በዚያ ይሙላ ለምን አልተባለም ይባል ይሆናል። ተብሏል። ቅጹን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ርዕሶቹን ቆልፌ ላክሁት። ሲመለስ ገሚሶቹ ሌላ ገጽ ከፍተው የራሳቸውን ሠንጠረዥ ጨምረው ነበር። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ለእነሱ እከራከራለሁ። የወረዳው ባለሙያ የሚገለብጠው ከቀበሌ የመጣ የወረቀት መዝገብ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር የሚያነጋግረው፣ ከኮሚቴው ጋር የሚያስማማው። በእኔ ስም እንዲጽፍ ሳስገድደው ትርጉሙን እዚያው ወረዳ ላይ፣ እኔ በማላየው ቦታ፣ በግምት እንዲለውጥ እያስገደድኩት ነው። ከመጣው ስም ጋር እውነቱ አብሮ ይምጣ፤ የመለወጡ ኃላፊነት እኔ ዘንድ፣ በተጻፈ መዝገብ ላይ ይሁን። ይህ አቋሜ ነው፤ አለቆቼ ሁሉ አይስማሙበትም።

ከዚህ ተቃራኒ የሄዱ ሰዎች ታሪክ ጎረቤቴ አጫውቶኛል። ኤክሴል ቀን የሚመስለውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ቀን ይለውጣል። ከሰው ልጅ ጂኖች መካከል ደግሞ ምሕጻረ ስማቸው «ማርች 1»፣ «ሴፕት 1» ተብለው የሚነበቡ ነበሩ፤ ተመራማሪዎች ዝርዝራቸውን በኤክሴል ሲከፍቱ ጂኖቹ የመጋቢትና የመስከረም ቀናት እየሆኑ ይጠፉ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ ጽሑፎች ከአምስቱ አንዱ ያህሉ ይህ ስህተት እንዳለበት አሳየ። በመጨረሻ የጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. አዲስ መመሪያ አወጣ፤ እስከዚያ ባለው አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 27 ያህል ጂኖች ስማቸው ተቀይሮ ነበር፤ «ሴፕት» «ሴፕቲን» ሆነ። መሣሪያው አልስተካከል ሲል ስሙ ተስተካከለለት። ለእነሱ ይህ ይቻላል፤ አንድ ኮሚቴ አላቸው፣ አንድ ቋንቋ ያወራሉ። በቃሉ ወረዳ ቆላ ያለ የጉድጓድ ጠባቂና በለጋምቦ ወረዳ ደጋ ያለ የምንጭ ኮሚቴ የሚሰበሰቡበት እንዲህ ያለ ጉባኤ የለም። የሚገናኙት መዝገቡ ላይ ብቻ ነው።

አሁን በየወሩ መጨረሻ ሁለት ሌሊት አልቀመጥም። ፋይሎቹን ከፎልደሩ እጨምራለሁ፣ «አድስ» እላለሁ፣ በሩ ያቆማቸውን ስሞች አያለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ናቸው። እደውላለሁ። የተቆጠበው ጊዜ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው።

ያቺ ምንጭ በቀጣዩ ዓመት ተጠግናለች። ግንቡ እንደገና ተሠርቶ ሁለት ቧንቧ ወጥቶለታል።

መዝገቡ ላይ ግን ትርጉሙ ያልታወቀ አንድ ረድፍ አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ቢሮዎች ወረቀታቸውን አጥተዋል። ከአንድ ወረዳ የተረፈው በፍላሽ ላይ የነበረ አንድ የኤክሴል ፋይል ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቀጠረው ወጣት ባለሙያ ያንኑ እየቀጠለ ይልካል። ከፋይሉ ዓምዶች አንዱ «ዙ.2» ይባላል። ከሥሩ ቁጥሮች አሉ፤ 0፣ 1፣ 3፣ አንዳንዴ 7። ወጣቱ ትርጉሙን አያውቅም፤ አዲሱን ረድፍ ባዶ ይተወዋል። ጎረቤቴ «ሁለተኛ ዙር ጥገና መሆን አለበት» ይለኛል፤ ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛ ዙር ኬሚካልም ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ ዙር መዋጮም። «ጥገና፣ ዙር 2» ብዬ ብጽፍ በሩ ይከፈታል፣ ፋይሉ ይገባል፣ ማንም አይጠይቀኝም።

አልጻፍኩም። ዓምዱ በራሱ ስም ለብቻው ተቀምጧል፤ ወደ ትልቁ ሠንጠረዥ አይገባም። በመዝገቡ ላይ ከትርጉሙ ቦታ የጠየቅኋቸውን አምስት ሰዎች የሥራ ድርሻና ቀኑን ጽፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያገኘኋት የዚያ ቢሮ የቀድሞ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፋይሉን የጀመረው ባለሙያ አሁን የሚኖርበትን ከተማ ነግራ ስልኩን ሰጠችኝ። ትናንት ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ጧት እንደገና እሞክራለሁ።